ጥያቄና መልስ፦ የረገጥኩት ታይል ለምን ይረጨኛል?

ክረምት ሲገባ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ከእግር ሥር ይነሳሉ። የኮሪደር ልማቱ ብዙውን የመሃል ከተማ የእግረኛ መንገድ በኮንክሪት ንጣፍ፣ ታይል በምንለው፣ ስለሸፈነው ዘንድሮ በርክተዋል። ጥቂቶቹን እነሆ።

«ፒያሳ ሱቅ አለኝ። ደጃፌ ላይ ከተነጠፈው ታይል የተወሰነው ሰምጧል። ሲዘንብ የረገጠውን ሰው ሱሪ በጭቃ ይረጫል። ታይሉ ጥራት የለውም ማለት ነው?»

ተሰብሯል? ካልተሰበረ እሱን አይውቀሱት፤ ነገሩ ከሥሩ ነው። ታይሉ የሚያርፍበትን ክብደት ወደ ታች ነው የሚያስተላልፈው። ከሥሩ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል አሸዋ አለ። ከአሸዋው በታች የተጠቀጠቀ የጠጠር መሠረት፣ ከዚያ አፈሩ። ጠጠሩ በስሱ በስሱ እየተነጠፈ፣ ውሃ እየተረጨበት ካልተጠቀጠቀ ክረምት ሲመጣ ይወርዳል። የወረደው ቦታ ውሃ ይቋጥራል። ውሃው አሸዋውን አጥቦ ይወስደዋል፣ ታይሉም ሥሩ ባዶ ይቀራል። ያኔ እግር ሲያርፍበት እንደ ፓምፕ ይሠራል።

ሠራተኞች ሲቸኩሉ የሚያደርጉት ሌላ ነገር አለ። መሠረቱ ወጣ ገባ ሲሆንባቸው ጎድጓዳውን በአሸዋ ይሞሉታል። ላዩ ያን ቀን ልሙጥ ሆኖ ያምራል። ግን አሸዋው የወፈረበት ቦታ በኋላ ብቻውን ይሰምጣል። አፈር የበዛበት አሸዋ ከሆነማ ጭራሽ ጭቃ ነው። ጠርዙን የሚይዘው ከርብ ስቶን ከላላም ታይሎቹ ወደ ጎን ይሸሻሉ፣ መገጣጠሚያው ይከፈታል፣ ውሃ ይገባል።

በነገራችን ላይ፣ የሱቅዎ አሸንዳ የት ነው የሚፈሰው? በቀጥታ ታይሉ ላይ ከሆነ ግማሹ ጥፋተኛ እሱ ነው።

ጥገናው ከባድ አይደለም። ታይሉ ይነሳል፣ መሠረቱ ይሞላና ይጠቀጠቃል፣ አሸዋው ይስተካከላል፣ ያው ታይል ተመልሶ ይገባል። ደረቅ ደቃቅ አሸዋ በመጥረጊያ መገጣጠሚያው ውስጥ ይገባና ኮምፓክተር (መጠቅጠቂያ ማሽን) ይሄድበታል። ቦታው የሕዝብ ስለሆነ ለወረዳዎ ያመልክቱ። ብቻ እባክዎ ሲሚንቶ በጥብጠው አያፍሱበት።

«አራት ኪሎ አካባቢ እግረኛ መንገድ ላይ መኪና ይወጣል። ንጣፉ ይችለዋል?»

ለእግረኛ የሚነጠፈው አብዛኛውን ጊዜ 6 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አለው። መኪና ለሚሄድበት 8 ይመረጣል፤ የሥሩ ጠጠርም አብሮ መወፈር አለበት። አደረዳደሩም ለውጥ ያመጣል። በቀጥታ መስመር የተደረደረ ታይል ጎማ ሲጠመዘዝበት ወይም ፍሬን ሲያዝበት ይገፋል። አንዱ አግድም፣ አንዱ ቁም ሆኖ ሲቆላለፍ ግን ጎረቤቱ ይይዘዋል። አደባባይ ሲነደፍ ይህ ይረሳል። «ለእግረኛ ብቻ ነው» ይባላል፣ በበዓል ሰሞን ግን መድረክና ድምፅ ማጉያ የጫነ አይሱዙ መግባቱ አይቀርም። ትልልቅና ስስ ታይል ደግሞ እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ነው። የእርስዎን ሰፈር በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ መኪናው ይውረድ።

«ካዛንቺስ ነኝ። አዲሱን ንጣፍ አንስተው ገመድ ቀበሩ። ሲጨርሱ ጉድጓዱን በኮንክሪት ደፍነውት ሄዱ። ልክ ነው?»

አይደለም። ያናድዳልም። አስፋልት ከተቆረጠ በኋላ ጠባሳው አይጠፋም። ታይል ግን ተነስቶ ይመለሳል፤ ዋናው ጥቅሙም ይሄ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የኮንክሪት ንጣፍ የተስፋፋው አንድም የሸክላ ጡብ ስላነሰ ነው። መሬታቸው ለስላሳ ስለሆነ መንገዱ ይሰምጣል፤ እነሱም ያነሱና መሬቱን አስተካክለው ያንኑ መልሰው ያነጥፋሉ። እኛ ውሃ፣ መብራትና ቴሌ በየተራ የሚቆፍሩበት ከተማ ውስጥ እየኖርን በኮንክሪት ከደፈንነው ለምን ታይል አነጠፍን? ቆፋሪው ታይሉን ቆጥሮ ያንሳ፣ ጉድጓዱን ጠቅጥቆ ይሙላ፣ ቆጥሮ ይመልስ። ከተማውም ከየዓይነቱ መለዋወጫ ቢያስቀምጥ ጥሩ ነው፤ በኋላ ያው ቀለም አይገኝም።

«አዲስ ታይል ላይ ነጭ ዱቄት ወጣ። ተበላሽቶ ነው?»

አልተበላሸም። ሲሚንቶው ውስጥ ያለው ኖራ ከውሃ ጋር ወደ ላይ ወጥቶ፣ አየር ሲያገኘው ነጭ ሆኖ ይደርቃል። በዝናብና በእግር ብዛት ይለቃል። አሲድ አይድፉበት፣ ሲሚንቶውን ይበላዋል።

«ኮብልስቶን እያለን ኮንክሪት ምን አስፈለገ?»

ለውስጥ ለውስጥ መንገድ እኔም ኮብልስቶን እመርጣለሁ። ጠንካራ ነው፣ ለብዙ ወጣትም እንጀራ ሆኗል። ግን ዊልቸር የሚገፋ ሰው ይጠይቁ። ሰው በሚበዛበት ዋና መንገድ ደልዳላው ኮንክሪት ያሸንፋል፣ ፊቱ ሻካራ እስከሆነ ድረስ። የተወለወለ ታይል በዝናብ ቀን ሰው ይጥላል።

«ወንድሜ ዓይነ ስውር ነው። ስታዲየም አካባቢ ቢጫውን መስመር ይዞ ሲሄድ ከምሰሶ ጋር ተላተመ። መስመሩ ለጌጥ ነው እንዴ?»

ለጌጥ አይደለም፤ ዓይነ ስውር በእግሩና በዘንጉ እየዳሰሰ መንገዱን የሚለይበት ታይል ነው። ሴይቺ ሚያኬ የተባለ ጃፓናዊ በ1965 እ.ኤ.አ. ፈለሰፈው፤ በ1967 ኦካያማ ከተማ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነጠፈ። ቁመቱን የተሰመረው «ቀጥል» ማለት ነው። ነጠብጣቡ «ቁም፣ ፊትህ ማቋረጫ ወይም ደረጃ አለ» ይላል። ስለዚህ ከመስመሩ ግራና ቀኝ እጅ ተዘርግቶ የሚነካ ነገር መኖር የለበትም። ምሰሶው ቀድሞ የነበረ ከሆነ መስመሩ ሊዞረው ይገባል፤ ታይል ስለሆነ ደግሞ አንስቶ ማዞር ይቻላል። ፎቶ አንስታችሁ፣ ቦታውን ጽፋችሁ ለክፍለ ከተማው አስገቡ። መስመሩ ላይ ሞተር የምታቆሙና ዕቃ የምትዘረጉም ስሙ፤ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ በሉ።