ቀዝቃዛው አየር የት ይጠፋል?

ጥያቄ፦ ተሳቢ ካምፐር (በመኪና የሚጎተት የጉዞ ቤት) ገዛን። የጣሪያው ኤሲ ይጮኻል እንጂ መኝታው ጋ የሚደርሰው አየር ሻማ አያጠፋም። ማጣሪያውን አጥበነዋል። ትልቅ ኤሲ እንግዛ? (ከዳላስ)

መልስ፦ ኧረ ገንዘብዎን ይያዙ! ኤሲው የክፍሉን አየር ከታች ይስባል፤ ቀዝቃዛውን በኮርኒሱ ውስጥ ባለው ቱቦ ይልካል። ሁለቱን የሚለየው ግድግዳ ብዙ ጊዜ በወጉ አይታሸግም። እኔ የከፈትኳቸው አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው፤ ፋብሪካ ውስጥ ጥድፊያ አለ መሰለኝ። ታዲያ ቀዝቃዛው አየር ቱቦው ጋ ሳይደርስ ተመልሶ ይሳባል።

መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ከብሬከሩ ያጥፉ፤ ካምፐሩንም ከውጪው መስመር ይንቀሉት። የውስጡን ክዳን ፈትተው በባትሪ ይዩ። ክፍተቱን ሁሉ በአሉሚኒየም ፕላስተር ይድፈኑ። ግራጫውን የጨርቅ ፕላስተር ይተዉት፤ ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት ይላቀቃል። ቀጥሎ የአየር መውጫዎቹን ክዳን አንድ በአንድ ያንሱ። ቱቦው በደንብ ሳይቆረጥ ቀርቶ ቀዳዳውን በከፊል የዘጋው ሊሆን ይችላል። እዚያም ዙሪያውን ያሽጉ።

ሲጨርሱ የሚገባውንና የሚወጣውን አየር በቴርሞሜትር ይለኩ። ልዩነቱ ከ16 እስከ 22 ዲግሪ ፋራናይት ከሆነ ኤሲው ጤነኛ ነው። ውስጡ በረዶ ከሠራ ግን ማቀዝቀዣውን አጥፍተው ፋኑን ብቻ ያስሩጡት፤ እስኪቀልጥ።