ለጨዋታ የሚሆን ኮምፒውተር በቀጭን ኪስ መገጣጠም፦ የድሬዎች ጥያቄና መልስ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ኮምፒውተር በመጠገን የሚተዳደረው አባላችን ዛሬ ማታ ለሁሉም ጥያቄ መልስ ሊሰጥ ተቀምጧል። ጠያቂዎቹን በየሰፈራቸው ስም ጠርተናቸዋል።

መላሽ፦ ከመጀመራችን በፊት ሦስት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ዋጋ አትጠይቁኝ፤ ሰኞ የነገርኳችሁ ዋጋ ሐሙስ አይገኝም። ሁለተኛ፣ «ጥሩ ኮምፒውተር የትኛው ነው?» አትበሉኝ። ምን እንደምትጫወቱና ቤታችሁ ምን ዕቃ እንዳለ ንገሩኝ። ሦስተኛ፣ ከሁሉ በፊት ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም የግድግዳውን መብራት ቀይሮ ለኮምፒውተሩ ዕቃዎች የሚያከፋፍለው ሳጥን። ይህን ዛሬ ማታ ደጋግሜ ስለምለው የሰለቸው ይተኛ።

ሳቢያን፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለጨዋታ ጥሩ ኮምፒውተር የትኛው ነው?

መላሽ፦ ሁለተኛውን አንብብ።

ገንደ ቆሬ፦ ጋሼ፣ እንደምን አመሹ? ታይዋን ገበያ ውስጥ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር አይቻለሁ፤ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020፣ አራተኛ ትውልድ አይ5። ግራፊክስ ካርድ ብጨምርበት ይሆናል ይላሉ?

መላሽ፦ ድሬ ውስጥ እየኖርክ አንቱታ ከየት አመጣህ?

ገንደ ቆሬ፦ እናቴ የጎጃም ሰው ናት፤ ብተወው ትቆጣኛለች።

መላሽ፦ እንግዲያው ይቀጥል። ለመነሻ ያህል ማሽኑ መጥፎ አይደለም፤ ግን ሳትከፍተው ገንዘብ እንዳታወጣ። የቢሮ ማሽን የተሠራው ለራሱ ዕቃ ብቻ ነው። ክዳኑን አውልቅና ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ማዘርቦርዱ፣ ዕቃው ሁሉ ወደሚሰካበት ትልቅ ሰሌዳ፣ የሚሄደውን ወፍራም ገመድ ተመልከት። በተለመደው ኮምፒውተር ላይ መሰኪያው 24 ፒን ነው፤ በዚህኛው ላይ 8 ብቻ ታገኛለህ። ስለዚህ ነገ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ገዝተህ ልስካ ብትል ያለ መቀየሪያ ገመድ አይሆንልህም። ኬዙ ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ አይገባበትም።

ምስሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ የሚሰካበት ቀዳዳ በደንቡ የሚሰጠው ኃይል እስከ 75 ዋት ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የሚመጣ ሌላ ገመድ ይጠይቃል፤ የአንተ ማሽን ያ ገመድ ላይኖረው ይችላል። ጂቲኤክስ 1650 ፈልግ፤ ነገር ግን ካርዱን ገልብጠህ ጫፉን እይ። አንዳንዱ 1650 ያለ ተጨማሪ ገመድ ይሠራል፣ አንዳንዱ 6 ፒን ይጠይቃል። ትንሽ ስለሆነ ብለህ አርኤክስ 6400 እንዳትገዛ። እሱ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በ4 መስመር ብቻ ስለሆነ እንዲህ ባለ የቆየ ማሽን ላይ ፍጥነቱ ይወድቃል።

ነምበር ዋን፦ ገጣጥሜ ጨረስኩ። ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ምን ይሁን?

መላሽ፦ ምን ገጣጠምክ? ሐኪም ቤት ሄደህ «አመመኝ» ብቻ ብለህ ዝም ትላለህ?

መጋላ፦ ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር ከዱባይ መጥቶልኛል። ያገለገለ ቢ450 ማዘርቦርድ አግኝቻለሁ። ይገጥማል?

መላሽ፦ ይገጥማል፤ የሁለቱም መሰኪያ ኤኤም4 የሚባለው ዓይነት ነው። መግጠምና መነሣት ግን ለየቅል ነው። ቢ450 የወጣው በ2018 ነው፣ የአንተ ፕሮሰሰር በ2022። ባዮሱ፣ ማለትም ማሽኑን የሚያስነሣው የቦርዱ ፕሮግራም፣ ካልታደሰ ቦርዱ ፕሮሰሰሩን አያውቀውም፤ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጨለማ ይሆናል። ፕሮሰሰሩን ይዘህ ሄደህ ሻጩ ፊትህ አስነሥቶ ካላሳየህ አትክፈል። ስትገጥምም ተጠንቀቅ። በኤኤም4 ፒኖቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ነው፤ ሦስት መአዘኗን ምልክት ከምልክት አስተያይተህ ልቀቀው፣ በራሱ ክብደት ቁጭ ይላል። እጅህ መጫን ከጀመረ የሆነ ነገር ተሳስቷል ማለት ነው።

አዲስ ገዢዎች ደግሞ ይህን ስሙ፦ ከኤኤም4 ቀጥሎ የመጣው መሰኪያ ኤኤም5 የሚቀበለው ዲዲአር5 የሚባለውን የራም (የጊዜያዊ ማስታወሻ) ዓይነት ብቻ ነው። የኢንቴል 12ኛ ትውልድ ቦርድ ግን አንዱ ዲዲአር4፣ ሌላው ዲዲአር5 ነው፤ አንዱን ራም በሌላው ቦርድ ላይ ልስካ ብትሉ በራሙ ጫፍ ያለው ክፍተት ከቀዳዳው ጋር አይገጣጠምም። ታይዋን ገበያ የተሸጠ ሁሉ ታይዋን የተሠራ እንዳይመስላችሁም። ጊጋባይት፣ አሱስና ኤምኤስአይ በእርግጥ የታይዋን ኩባንያዎች ናቸው፤ የገበያችን ስም ግን ለዕቃው ምስክር አይሆንም።

አንድ አባል፦ በጠቅላላው ስንት ብር ይበቃል?

መላሽ፦ አንደኛውን አንብብ።

ለገሃር፦ ከኬዙ ጋር አብሮ የመጣ ባለ 600 ዋት ፓወር ሰፕላይ አለኝ። ለ5600 እና ለአርኤክስ 6600 ይበቃል?

መላሽ፦ እሰይ፣ ሰው መጣ!

600 ያለው ማነው? ወረቀቱ ነው። በጎኑ ያለውን ሰንጠረዥ አንብብ፤ 12 ቮልት ከሚለው ሥር ስንት አምፒር ተጽፏል? በ12 አባዛው። 18 ካለ 216 ዋት ነው፤ ፕሮሰሰርህና ካርድህ የሚበሉት ከዚያ መስመር ብቻ ነው፣ የቀረው ጌጥ ነው። 5600 በ65 ዋት፣ አርኤክስ 6600 በ132 ዋት የተመደቡ ናቸው። ሌላውን ሁሉ ጨምረህ 300 አይሞላም፤ ስለዚህ እውነተኛ 500 ዋት ይተርፍሃል። እውነተኛ ነው ያልኩት። «80 ፕላስ» የሚለው ምልክትም ብክነቱ ምን ያህል እንደሆነ ይነግርሃል እንጂ መከላከያ አለው ማለት አይደለም። በእጅህ መዝነው። እንደ ባዶ ቆርቆሮ ከቀለለህ ውስጡም ባዶ ነው።

ከኋላው ቀይ መቀየሪያ ካለ 230 ላይ መሆኑን እይ። 115 ላይ እንዳለ ከእኛ 220 ጋር ካገናኘኸው በአንድ ጥይት ድምፅ ይሰናበትሃል። ከአንድ ፓወር ሰፕላይ የተነቀለ ገመድም ለሌላው አይውልም። ጫፉ ይገባል፣ የሽቦው አደራደር ግን ይለያያል፤ 5 ቮልት መሄድ ባለበት 12 ይሄድና ፋይሎችህ የሚቀመጡበትን ኤስኤስዲህን ትቀብራለህ።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። አንድ የግንቦት ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ ሱቄ ውስጥ በርቶ የተተወ የደንበኛ ኮምፒውተር ጠሽ አለ። መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ የተቃጠለ ላስቲክና የዓሣ ሽታ የተቀላቀለበት ነገር። ስከፍተው የፓወር ሰፕላዩ ካፓሲተሮች አናታቸው እንደ ሊጥ ተነፍቶ ቡናማ ፈሳሽ ተፍተዋል፤ ግራፊክስ ካርዱንም ይዞት ሄዷል። ካርዱን ከኪሴ ከፈልኩ። መብራት ሲሄድ ከግድግዳው ንቀሉ፤ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየውን ባትሪ፣ ዩፒኤስ፣ የምትገዙም፣ 650 ቪኤ ማለት 650 ዋት ማለት አይደለም፤ ከዚያ ያነሰ ነው።

ሳቢያን፦ እሺ፣ የምጫወተው እግር ኳስ ነው። አሁንስ?

መላሽ፦ አሁን ሰው ሆንክ። አይ3-12100ኤፍ፣ 16 ጊጋ ራም፣ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር። ይበቃሃል። መጨረሻው ላይ ያለው «ኤፍ» ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ የለውም ማለት ነው፤ ያለ ካርድ ምስል አይወጣም። ፓወር ሰፕላዩን ግን…

ሳቢያን፦ እመዝነዋለሁ።

ቀፊራ፦ ባለ 8 ጊጋ አርኤክስ 580 አግኝቻለሁ። ልግዛው?

አሸዋ፦ እንዳትገዛ! ክሪፕቶ፣ የኢንተርኔት ገንዘብ፣ ሲቆፈርበት የኖረ ነው። የአጎቴ ልጅ የገዛው ሁለት ወር አልቆየም።

ቀፊራ፦ የአጎትህ ልጅ ኮምፒውተሩን አልጋ ሥር ነው ያስቀመጠው፤ እኔ ራሴ አይቻለሁ።

አሸዋ፦ አልጋ ሥር ያስቀመጠው ፋኑ እንደ ወፍጮ ስለሚጮህ ነው። ይልቅ ፕሌይስቴሽን ግዛና ተገላገል።

ቀፊራ፦ በፕሌይስቴሽን የኮሌጅ ሥራዬን ልጽፍበት ነው?

አሸዋ፦ አሁንስ በየትኛው ጽፈህ ታውቃለህ?

ሐረር፦ ጠባችሁ የሙቀት ነው። ወደ ጀጎል ውጡ፤ እኛ ዘንድ ካርዱም ሰውም አይግልም።

መላሽ፦ በቃ! ቀፊራ፣ መቆፈሩ ብቻውን አይገድለውም፤ የሚያልቀው ፋኑና የሙቀት ቅባቱ ነው፣ ሁለቱም ይቀየራሉ። አንተ ሌላ ነገር ፍራ። 580 ተብሎ የሚሸጥ፣ ውስጡ ግን 570 የሆነ ካርድ አለ። ጂፒዩ-ዚ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም አስነሣና የሼደሮቹን፣ ማለትም የካርዱን ትንንሽ ማስሊያዎች፣ ቁጥር እይ። 2304 ካለ እውነተኛ ነው፤ 2048 ካለ ዋጋውን ቀንስ ወይም ተወው። ደግሞ 185 ዋት ይበላል፤ ስለዚህ ፓወር ሰፕላይ።

ሐረር ስለ ሙቀት ያለው ቀልድ ቢሆንም እውነት አለው። ከእኛ 600 ሜትር ያህል ከፍ ይላሉ። የትኛውም ፋን ፕሮሰሰርን ከክፍሉ አየር በታች አያቀዘቅዝም፤ ክፍልህ 36 ዲግሪ ከሆነ ከ36 ትነሣለህ። የ5600 ጣሪያ 90 ዲግሪ ነው፣ እዚያ ሲደርስ ራሱን ያዘገያል፤ ልጆችም «ጨዋታው ይንተፋተፋል» እያሉ ያመጡልኛል። ፊቱ መስታወት የሆነ ኬዝ ለድሬ አይሆንም፤ ፊቱ ወንፊት የሆነውን ምረጡ። የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ የሚነሣው አሸዋ ደግሞ ቅባት ካገኘ እንደ ጭቃ ይለጠፋል። በየወሩ በብሩሽ አራግፉ። አየር ስትነፉበት የፋኑን ክንፍ በጣት ያዙት፤ በነፋስ አታሽከርክሩት።

መጋላ፦ በውሃ የሚቀዘቅዘውስ?

መላሽ፦ አያስፈልግህም።

ገንደ ቆሬ፦ ራሙን አንድ ባለ 16 ልግዛ ወይስ ሁለት ባለ 8?

መላሽ፦ ሁለት፣ ተመሳሳይ። አራት ቀዳዳ ካለህ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ።

ለገሃር፦ ማዘርቦርዱ የኤም.2 ቀዳዳ አለው። ማንኛውንም ኤስኤስዲ ይቀበላል?

መላሽ፦ የቦርዱን መመሪያ አንብብ። አንዳንዱ ቀዳዳ የሚቀበለው ኤንቪኤምኢ የሚባለውን ፈጣኑን የኤስኤስዲ ዓይነት ብቻ ነው፣ አንዳንዱ ሳታ የሚባለውን የቆየውን ዓይነትም ይቀበላል። ከካርቶኑ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ብሎንም አትጣላት፤ ሰው ሁሉ ይጥላትና እኔ ዘንድ ይመጣል። ደግሞ ማንም ካርዱን ሳይነቅል ኮምፒውተሩን በባጃጅ እንዳይጭን። ከመጋላ ሳቢያን ያለው መንገድ የካርዱን ቀዳዳ ሲሰነጥቅ አይቻለሁ።

ነምበር ዋን፦ ይቅርታ፣ እራት በልቼ መጣሁ። የገጣጠምኩት 5600፣ ቢ550፣ ሁለት ባለ 8 ራም፣ አርኤክስ 6600 ነው። የካርዱን 8 ፒን ሰክቻለሁ። ፓወር ሰፕላዩን መዝኛለሁ፣ ከባድ ነው።

መላሽ፦ ተባረክ። የሞኒተሩ ገመድ የት ነው የተሰካው?

ነምበር ዋን፦ ከኋላ።

መላሽ፦ ከኋላ የት? ከዩኤስቢዎቹ አጠገብ፣ ወይስ ታች በአግድም ካርዱ ላይ?

ነምበር ዋን፦ ከዩኤስቢዎቹ አጠገብ።

መላሽ፦ 5600 የራሱ ግራፊክስ የለውም። ወደ ታች አውርደው።

ነምበር ዋን፦ በራ!

አንድ አባል፦ እንኳን ደስ ያለህ። በጠቅላላው ስንት ብር ፈጀብህ?