ሊፍት ፓምፕ ልቀይር ለምትሉ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የናፍታ ፒክአፕ ያላችሁና ሊፍት ፓምፑን በጠንከር ያለ ልትቀይሩ ያሰባችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ሊፍት ፓምፕ የምለው ናፍታውን ከታንክ ስቦ ወደ ዋናው ፖምፓ የሚገፋውን ነው። ዋናው ፖምፓ ደግሞ ኖዝሎቹን (ኢንጄክተሮቹን) የሚመግበው፣ ሲበላሽ ኪስ የሚያራቁተው ዕቃ ነው።

ጥያቄ፦ በሰዓት 95፣ 150፣ 165፣ 220 ጋሎን የሚሉ ፓምፖች አሉ። ትልቁን ገዝቼ ብገላገልስ?

አይ ወንድሜ፣ ቆይ። መጀመሪያ ሞተርህ ስንት እንደሚጠጣ እናስላ። 400 ፈረስ ጉልበት ወደ 300 ኪሎዋት ነው። ደህና የናፍታ ሞተር ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 220 ግራም ገደማ ይፈጃል። 300 ኪሎዋት ሙሉውን ካወጣ በሰዓት 66 ኪሎ ናፍታ፣ በሊትር ወደ 80 ይሆናል። ያውም አንድ ሰዓት ሙሉ ፔዳሉን ወለል አስነክተህ ከነዳህ ነው። ይህን ደግሞ ማንም አያደርገውም።

95 ጋሎን ማለት 360 ሊትር ነው። ዋናው ፖምፓ ራሱን ለማቀዝቀዝና ለማለስለስ ተጨማሪ ናፍታ ይወስዳል፤ የተረፈውን ወደ ታንክ ይመልሳል። ስለዚህ ከሚቃጠለው ሁለት ሦስት እጥፍ ይዘህ አስላ። አሁንም 95 ይበቃሃል። ከ500 ፈረስ ጉልበት ካለፍክ ወደ 150 እና 165 ተመልከት። 220ው ለውድድር መኪና ነው።

ከልክ ያለፈ ፓምፕ ዋጋው ብቻ አይደለም ጣጣው። ይጮሃል፣ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ያንኑ ናፍታ እያዞረ ያሞቀዋል። ደግሞ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ፓምፑ ምንም ሳይጫነው የሚያፈሰው ነው። አንተ የሚያስፈልግህ መኪናህ በሚፈልገው ግፊት ላይ ስንት እንደሚሰጥ ነው። ሻጩ ያንን ካልነገረህ ሌላ ሻጭ ፈልግ።

ጥያቄ፦ ትክክለኛው ግፊት ስንት ነው? አንዱ 10 ይላል፣ ሌላው 60።

ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚያወሩት ስለተለያየ መኪና ነው። በፒ.ኤስ.አይ (የግፊት መለኪያ ነው) ልንገርህ፤ ባር የለመዳችሁ በ14.5 አካፍሉት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ከ1994 እስከ 1998 የተሠራው ባለ 12 ቫልቭ ከሚንስ (የዶጅ ራም ሞተር)፣ ፒ7100 ፖምፓ ያለው፣ ሞተሩ ሲጮህ ከ25 እስከ 35 ይወዳል። ከ1998 አጋማሽ እስከ 2002 ያለው ባለ 24 ቫልቭ ደግሞ ቪፒ44 የሚባል የቦሽ ፖምፓ አለው። እሱ ከ14 እስከ 16 ይመቸዋል። ዳገት ላይ ጭነት ይዞም ቢሆን ከ10 በታች እንዳይወርድ፤ ከ20 በላይም ምንም አይጨምርለትም። ኮመን ሬል ሆነው (ፖምፓው ሬል ወደሚባል አንድ የጋራ ቱቦ ገፍቶ ኢንጄክተሮቹ ከዚያ የሚወስዱ) ሲፒ3 ፖምፓ ያላቸው ዱራማክስ የሚባሉት የሼቭሮሌትና የጂ.ኤም.ሲ ሞተሮች ከ8 እስከ 12 ይበቃቸዋል። የፎርድ 6.0 ፓወርስትሮክ ሌላ ዓለም ነው፤ እሱ ከ45 በታች ከወረደ ኢንጄክተሮቹ ይጎዳሉ።

ስለዚህ ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት የግፊት መለኪያ ጌጅ ግዙ። ይህን ሳትጠይቁኝም እናገራለሁ። ጌጁ ከፊልትሮ በኋላ፣ ዋናው ፖምፓ መግቢያ ላይ ይታሰር። ከፊልትሮ በፊት ካሰራችሁት ፊልትሮው ተደፍኖ ሞተሩ እየተራበም ጌጁ "ሁሉ ሰላም" ይላችኋል። የናፍታ ቱቦውን ወደ ጋቢና እንዳታስገቡ፤ ቢፈነዳ ጭናችሁ ላይ ነው። ሴንሰር ያለውን የኤሌክትሪክ ጌጅ ውሰዱ። ሴንሰሩ ፊትም የግፊት ምት የሚያበርድ ትንሽ ማለስለሻ ይግባ፤ የፖምፓው ምት ሴንሰር ይገድላል።

ጥያቄ፦ ቪፒ44 ያለው ዶጅ ራም አለኝ። ሁለት ሊፍት ፓምፕ ቀየርኩ፣ ሁለተኛው ትልቅ ነው። ስሎ ላይ (ፔዳል ሳልረግጥ) 15 ያሳያል፣ ዳገት ላይ ግን 6 ይገባል። ፓምፑ ፎርጅድ ይሆን?

ሊሆን ይችላል፤ ፎርጅድ ሞልቷል። ግን መጀመሪያ ፓምፑን አትጠርጥር። ፓምፕ የመግፋት እንጂ የመሳብ ጀግና አይደለም። በቀጭን ገለባ ወፍራም እርጎ ለመምጠጥ ሞክር፤ ጉንጭህ ቢጎደጉድም እርጎው አይፈጥንም። የአንተም ፓምፕ እንደዚያ እየሆነ ሊሆን ይችላል። ስሎ ላይ ናፍታው ትንሽ ስለሆነ ጥበቱ አይታወቅም። ዳገት ላይ ነው ጉዱ የሚወጣው።

እንዲህ አድርግ። ከታንኩ እስከ ፓምፑ ያለውን መስመር በሙሉ በእጅህ እየዳሰስክ ሂድ። የተቆለመመ፣ የለሰለሰ፣ ፋሼታው የላላ ቱቦ ፈልግ። ታንክ ውስጥ ያለችውን ማጣሪያ ወንፊት አውጥተህ እይ። አንዳንዴ ጥቁር አተላ ለብሳ ትገኛለች። የውስጥ ስፋቱ 6 እና 8 ሚሊሜትር የሆነ መስመር ለመጀመሪያው ሞተር ነው የተሠራው። ፓምፕ ስታሳድግ የመሳቢያውን መስመር ወደ 12 ሚሊሜትር ማሳደግ ግድ ነው። በ90 ዲግሪ የታጠፈ መገናኛም ይቀንስ፤ እያንዳንዱ ክርን ግፊት ይበላል።

ቀጥሎ አየር። ከፓምፑ በፊት ባለው መስመር ላይ ግማሽ ክንድ ያህል ናፍታ የሚችል፣ ውስጡ የሚያሳይ ላስቲክ ለጊዜው አስገባና ሞተሩን አስነሳ። አረፋ ካለፈ የሆነ ቦታ አየር ይገባል ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል፤ የመሳቢያ መስመር ሲሰነጠቅ ናፍታ ወደ ውጭ ላያንጠባጥብ ይችላል። አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ። ስለዚህ "ምንም አያፈስም" ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም።

ሦስተኛው ኤሌክትሪክ ነው። መልቲሜትርህን ይዘህ ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ለካ። 13.8 ወይም 14 ያሳይሃል። ከዚያ ፓምፑ ሶኬት ላይ፣ ፓምፑ እየሠራ ለካ። 11 እና ከዚያ በታች ካየህ ጥፋተኛው ሽቦው ወይም መሬቱ (ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው የኔጋቲቭ ሽቦ) ነው። የዛገ የመሬት ቡሎን ስንት ደህና ፓምፕ አስጥሏል መሰለህ።

ጥያቄ፦ የ2008 ዱራማክስ ነው የምነዳው። መካኒኬ "ከፋብሪካው ሊፍት ፓምፕ የለውም" አለኝ። እየቀለደብኝ ነው?

አልቀለደብሽም እህቴ። ዱራማክስ ከ2001 እስከ 2016 ያለ ኤሌክትሪክ ሊፍት ፓምፕ ነው የወጣው። ዋናው ፖምፓ ጀርባ ላይ ያለች ትንሽ የጥርስ ፓምፕ ራሷ ከታንክ ትስባለች። መኪናሽ ኦሪጅናል ከሆነና ከባድ ጭነት የማትጎትቺ ከሆነ ያለሱም ይኖራል። ግን መስመሩ ሁሉ በመሳብ ስለሚሠራ ትንሽ ክፍተት እንኳ አየር ታስገባለች። ጠዋት አልነሳም ማለትና ተነስቶ መጥፋት ከዚህም ይመጣል። ሶፍትዌር አስጭነሽ ጉልበት ከጨመርሽ ወይም ተጎታች ካለሽ አስገቢለት። ብቻ ግፊቱ ለከሚንስ የተስተካከለ ፓምፕ እንዳትገዢ።

ጥያቄ፦ ሲፒ4 ፖምፓ ያላቸው መኪኖች ፖምፓቸው ብረት ይበላል ይባላል። ሊፍት ፓምፕ ያድነዋል?

ይረዳዋል፤ አያድነውም። ሲፒ4 በአየር፣ በውሃና በናፍታ እጥረት ቶሎ የሚከፋ ፖምፓ ነው። ውስጡ መፋቅ ሲጀምር የብረት ብናኙ በሬሉ አልፎ እስከ ኢንጄክተሮቹ ይደርሳል፤ ያኔ ሁሉም ይቀየራል። የ2019 እና የ2020 ራም ከሚንስ በዚሁ ፖምፓ ምክንያት በአምራቹ ተጠርቶ ወደ ሲፒ3 ተመልሷል። ጥሩ ሊፍት ፓምፕ ከጥሩ ውሃ መለያ ጋር ዕድሜ ይጨምርለታል። የፊልትሮ ቤቱ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካየህ ግን ፓምፕ መግዛቱን ተወውና መኪናውን አቁም።

ጥያቄ፦ ከሊፍት ፓምፕ ብራንዶች ፋስ ወይስ ኤርዶግ?

ሁለቱም ሐሳባቸው አንድ ነው፦ አየር መለየት፣ ውሃ መለየት፣ ማጣራት፣ መግፋት። እኔ ብሆን የምመርጠው ፊልትሮው በቀላሉ የሚገኝለትን ነው። የተለየ ፊልትሮ ብቻ የሚቀበል ፓምፕ ገዝቶ መንገድ ላይ መንከራተት አለ። "ነዳጅ ይቆጥባል" የሚለውን ማስታወቂያ ግን እኔ አልሰማሁም፣ እናንተም አትስሙ።

ጥያቄ፦ ታንኩ ሩብ ሲደርስ አዲሱ ፓምፕ አየር ይስባል። ታንኩን ሥሩን በስቼ ሰምፕ (ከታንኩ ሥር የሚታሰር መሳቢያ) ላስገባ?

ይህ የታወቀ ችግር ነው። ጠንካራ ፓምፕ በአሮጌው መሳቢያ በኩል ሲስብ ናፍታው እየተሽከረከረ ጉድጓድ ይፈጥራል፣ በዚያ አየር ይገባል። የሚመለሰው ናፍታም መሳቢያው አጠገብ ከፈሰሰ አረፋ ይሠራል።

ሰምፕ ከሥር ስለሚስብ የመጨረሻዋን ጠብታ ይወስዳል። ግን ውሃና ቆሻሻም የሚተኛው እዚያው ነው። ድንጋያማ መንገድ የምትሄድ ከሆነ ደግሞ ከታንኩ ሥር የተንጠለጠለ ነገር አልወድልህም። እኔ ከላይ የሚገባውን ወፍራም መሳቢያ ቱቦ እመርጣለሁ። ጫፉ ከታንኩ ወለል አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ከፍ ይበል፤ መመለሻውም ከእሱ ይራቅ። ታንክ ማውረዱ ይሰለቻል፣ እውነት ነው። ታንኩ ባዶ ሲሆን ሥራው።

ጥያቄ፦ ሽቦውን በቀጥታ ከቁልፉ ላገናኘው?

በፍጹም። ፓምፑ ኃይሉን ከባትሪ ይውሰድ፣ ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን፣ መሃል ላይ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) ይግባ። ሪሌውን የሚቀሰቅሰው የፋብሪካው የሊፍት ፓምፕ ሽቦ ይሁን። ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ትልቁ ፓምፕ የሚበላው አምፒር የመኪናውን ኮምፒውተር አያቃጥልም። ሁለተኛ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ፓምፑንም ያጠፋዋል። ከቁልፉ በቀጥታ ካገናኘኸውና አደጋ ደርሶ ቱቦ ከተበጠሰ፣ ቁልፉ እስካልጠፋ ድረስ ፓምፑ ናፍታ መርጨቱን ይቀጥላል። የፋብሪካ ሽቦ ለሌለው መኪና በዘይት ግፊት የሚሠራ ማብሪያ ይግባለት።

ፓምፑ ሻንሲው ላይ፣ ከታንኩ አጠገብና ዝቅ ብሎ ይታሰር። ከማርሚታ ይራቅ። ከሥሩ ጎማ ካላደረግክበት ጋቢናው ሙሉ ቀን ይጮህብሃል።

ጥያቄ፦ የሞተር ዘይቴ ሳልጨምር ከፍ አለ፣ ናፍታም ይሸታል። ሊፍት ፓምፑ መካኒካል ነው።

አትንዳው። የፓምፑ ሜምብሬን (ስስ ላስቲኩ) ተቀዶ ናፍታ ወደ ዘይቱ እየገባ ሊሆን ይችላል። የቀጠነ ዘይት ኩሽኔታ ይበላል። ፓምፑን ቀይር፣ ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን ቀይር፣ ከዚያ የዘይቱን ከፍታ በየቀኑ ተከታተል። ከዚያም በኋላ ከጨመረ ኢንጄክተር አስመርምር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የእኔ ከባድ መኪና 24 ቮልት ነው። ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት ልውሰድለት?

አይሆንም ልጄ። አንዱ ባትሪ ሲራብ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል፣ ሁለቱም ቶሎ ይሞታሉ። 24 ቮልት ፓምፕ ፈልግ ወይም መቀየሪያ አስገባ። ጉልበት ካልጨመርክበት ግን ምን አስቸኮለህ? ያለውን መካኒካል ፓምፕ ፍታና ትንንሾቹን ቫልቮችና ስፕሪንጎች እይ። ብዙ ጊዜ ጥገናው እዚያው ያልቃል።

ጥያቄ፦ ፓምፑን ካሰርኩ በኋላ ሞተሩ አልነሳ አለ።

መስመሩ ባዶ ነው። ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ከፍተህ ፓምፑ ድምፁን እስኪለውጥ ጠብቅ፣ ዝጋ፣ እንደገና ክፈት። ጥቂት ጊዜ ደጋግመው። ሞተሪኖውን ለረጅም ጊዜ አታሽከርክር፣ ይቃጠላል። ከዋናው ፖምፓ በፊት ያለውን የመጨረሻ ፊልትሮ ከጀሪካን ናፍታ አትሙላው። ያልተጣራውን በራስህ እጅ ወደ ንጹሕ ወገን ማስገባት ነው።

ጥያቄ፦ ባለ 2 ማይክሮን ፊልትሮ በየስንት ኪሎ ሜትር ይቀየራል?

ኪሎ ሜትሩን ከፓምፑ መመሪያ ውሰድ፤ ግን ናፍታ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ጌጁ ይሻላል። አዲስ ፊልትሮ ስታስገባ የምታውቀው ዳገት ላይ፣ በምትጭነው ጭነት ስንት እንዳሳየ እይና ቁጥሩን ፊልትሮው ላይ በማርከር ጻፈው። በዚያው ዳገት 3 ወይም 4 ፒ.ኤስ.አይ ከወረደ ቀይር። የውሃ መለያውን ደግሞ በየዘይት ቅያሪው ሥሩን ከፍተህ በነጭ ብርጭቆ አፍስስና እይ፤ ውሃው ከናፍታው ሥር ተለይቶ ይተኛል።