የግንቦት 20 ልጅ

ጠያቂያችን የጻፈችው ባጭሩ ይህ ነው። ታናሽ ወንድሟ መንዝ ውስጥ፣ መኪና በማይገባበት ቀበሌ፣ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ተወለደ ይባላል። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ የገባበት ቀን መሆኑ ነው። ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር እናታቸው «ሰላም ይዞልኝ የመጣ ልጅ» ትላለች። እሷ ባለፈው በዓል «ሬዲዮ በሌለበት አገር ቀኑን ማን አወቀው? ውሸት ነው» ብላ ሰው ፊት ተናገረች። ከዚያ ወዲህ ወንድሟ ስልኳን አያነሳም።

እህቴ፣ በቀኑ ነገር አልስማማም። ግንቦት 21 ማርያም ናት። የገጠር እናት በማርያም ዋዜማ ምጥ ከያዛት እንዴት ትረሳዋለች? የአዲስ አበባው ወሬ ዘግይቶ ደርሶ በላዩ ተደርቦ ይሆናል፤ ይሁና።

እኔን ያስቆመኝ ሌላ ነው። ያን ሁሉ ገጽ ስለ ወንድምሽ ጽፈሽ፣ ስለ አባታችሁ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «አባቴ ወታደር ነበር፣ በዚያው ቀረ።» የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሽ። ግንቦት 13 መንግሥቱ ከአገር ወጣ፣ ጦሩ ተበተነ፣ የሌላው ሰው አባት በእግሩም ቢሆን ቤቱ ሲገባ የእናንተ አልመጣም። ሞተ ብሎ ያረዳችሁ የለም፤ ስለዚህ ለቅሶ አልተቀመጣችሁም፣ ተዝካር አልወጣም፣ እርማችሁንም አላወጣችሁም። እናትሽ ከዚያ ሰሞን አፏን ሞልታ ልታወራው የምትችለው አንድ ደግ ነገር ብቻ ነበራት፣ እሱም ልጁ ነው፣ አጥብቃ ያዘችው። ቀኑ ደግሞ ለዓመታት የመንግሥት በዓል ሆነና አገሩም ቤታችሁም ሲያከብር፣ አንቺ «አባቴስ?» የምትይበት ጊዜ አጣሽ። ጠብሽ ከቀኑ ጋር አይመስለኝም። ሰላም መጣ ሲሉሽ የሚያንገበግብሽ፣ ወደ አንቺ የመጣ ሰው ስለሌለ ነው።

ግን ወንድምሽ ምን አጠፋ? አንቺ የአባትሽን ድምፅ ታስታውሻለሽ። እሱ ይህም የለው። ያለው ያ የልደት ወሬ ነው፣ እሱንም ሰው ፊት ቀማሽው (ይቅርታ፣ ግን እንደዚያ ነው የሚታየኝ)።

እና መጀመሪያ ወደ እሱ ሂጂ፣ ቀኑን ሳታነሺ። እናትሽን ለብቻዋ ስታገኛት «አባዬ ያኔ የት ነበር?» ብለሽ ሞክሪ። ዝም ልትል ትችላለች፤ አትጫኛት፣ ጊዜ ስጫት። ተዝካር ይውጣ አይውጣ የእሷና የነፍስ አባቷ ጉዳይ ነው። እንቅልፍ አጣሁ ያልሽው ግን በደብዳቤ የሚያልቅ አይደለም። ባለሙያ ፊት ለፊት አግኚ፣ ስትሄጂም ወንድምሽን ተዪና ከአባትሽ ጀምሪ።