ከ57 ኪሎ ልውጣ ወይስ ልቆይ?

ይድረስ ለተከበሩ የምክር አምድ አዘጋጅ፤

የ21 ዓመት ቦክሰኛ ስሆን የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። ከጀማሪነቴ አንሥቶ የምጋጠመው በ57 ኪሎ ምድብ ሲሆን፣ ለምድቡ ረጅም በመሆኔ ተጋጣሚዎቼን በግራ እጄ ከሩቅ እየጠበቅሁ ነጥብ እሰበስብ ነበር። አሁን ግን ሰውነቴ ሞልቶ፣ በልምምድ ላይ ሆኜም ቢሆን ከ64 ኪሎ አልወርድም። ውድድር ሲቃረብ ላስቲክ ለብሼ በቀትር ፀሐይ በጣና ዳር እሮጣለሁ፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ውኃ አልቀምስም፤ ባለፈው ውድድር ደግሞ ጓደኛዬ የሰጠኝን የሚያሸና ክኒን ውጬ ተመዘንኩ። ሚዛኑን አልፌ የመጀመሪያውን ዙር ብመራም በሦስተኛው እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ በነጥብ ተሸነፍኩ። አሠልጣኜ «ስምህ ያለው በ57 ነው፤ ከፍ ካልክ ጠንካሮቹ ይሰብሩሃል፤ ችግርህ ሆድህን አለመግዛትህ ነው» ይሉኛል። እናቴ መክሳቴን እያየች ቦክሱን ጨርሶ እንድተው ትለምነኛለች። የሚቀጥለው ውድድር ከፋሲካ በኋላ ነው፤ እኔም ዓቢይ ጾምን እጾማለሁ። ምን ይመክሩኛል?

ሚዛን የከበደበት፣ ከሽምብጥ

መልስ

ወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድመህ ክኒኑን ተው። የሚያሸኑ መድኃኒቶች በዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ዝርዝር ውስጥ በውድድር ጊዜም ሆነ ከውድድር ውጭ የተከለከሉ ናቸው፤ «የወሰድኩት ለሚዛን እንጂ ለጉልበት አይደለም» ማለትም አያድንህም። ከውኃው ጋር ሶዲየምና ፖታሲየም ጠርገው ስለሚያወጡ የልብ ምትን ሊያዛቡ ይችላሉ፤ ይህ ከቅጣቱ ይብሳል።

አሠልጣኝህ ሆድህን አለመግዛትህን ቢወቅሱም፣ በጻፍከው ውስጥ እኔ የማየው ሆዳምነት ሳይሆን ያደገ ሰውነት ነው። ከ64 ወደ 57 መውረድ ማለት ከሰውነትህ ወደ 11 በመቶ ገደማ መቀነስ ነው፤ ይህ በጥቂት ቀናት ሲደረግ የሚሄደው በአብዛኛው ስብ ሳይሆን ውኃ፣ እንዲሁም በጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ስንቅ ነው። የደም መጠን ሲያንስ ልብ ያንኑ ሥራ ለመሥራት አብዝቶ ይመታል፣ ላብ ስለሚቀንስም ሰውነት መቀዝቀዝ ያቅተዋል። ሦስተኛውን ዙር የተሸነፍከው እንግዲህ ሪንግ ውስጥ ሳትገባ፣ ገና በጣና ዳር ስትሮጥ ነው። በቴሌቪዥን የምናያቸው ፕሮፌሽናሎች እንዲህ ሲያደርጉ አይተህ ከሆነ፣ እነርሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘኑት በዋዜማው በመሆኑ ለማገገም አንድ ሌሊት አላቸው፤ በአማተር ውድድር ግን ሚዛኑ በግጥሚያው ዕለት ጠዋት ነው፣ ካሸነፍክም በቀጣዩ ግጥሚያህ ቀን እንደገና ትመዘናለህ። ውኃ ያጣ አንጎል በጭንቅላት ላይ የሚያርፍን ቡጢ የመቋቋም አቅሙ እንደሚቀንስም ሐኪሞች ይሠጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ሦስት የኮሌጅ ነፃ ትግል ተወዳዳሪዎች ክብደታቸውን ወደ ምድባቸው ለማውረድ በሙቀት ውስጥ ላብ ሲያወጡ በአንድ ወር ገደማ ጊዜ ውስጥ ሞተዋል፤ የላስቲኩ ነገር ቀላል እንዳይመስልህ ነው ይህን የማነሣው።

ስለወደፊትህ ፊሊፒናዊውን ቦክሰኛ ማኒ ፓኪያኦን አስብ። እ.ኤ.አ. በ1999 በ50.8 ኪሎ የዓለም ሻምፒዮን ሳለ ታይላንድ ውስጥ ክብደቱን ወደ ምድቡ ማውረድ አቅቶት ቀበቶውን እዚያው ሚዛን ላይ አጣ፣ በግጥሚያውም በሦስተኛው ዙር በዝረራ ተሸነፈ። ያን ጊዜ ያበቃለት መስሎ ነበር። እርሱ ግን በመካከል ያሉትን ምድቦች ዘልሎ ወደ 55.3 ኪሎ ወጣና እ.ኤ.አ. በ2001 ላስ ቬጋስ ላይ እንደገና ሻምፒዮን ሆነ፤ ከዚያም በስምንት ምድቦች ክብረ ወሰን የያዘ ስም አተረፈ። አንተ ፓኪያኦ አይደለህም፣ እኔም አልዋሽህም፤ ነገር ግን በሚዛን የተሸነፈ ሰው በቡጢ ተሸነፈ ማለት እንዳልሆነ ያሳያል።

የአሠልጣኝህ ሥጋት ባዶ አይደለም። ከፍ ባለው ምድብ የክንድህ ርዝመት የሚሰጥህ ብልጫ ይጠባል፣ ተቃቅፎ በመታገል የሚበልጡህ ይኖራሉ፣ ምናልባትም አንድ ሁለት ግጥሚያ ትሸነፋለህ። ሆኖም ወርልድ ቦክሲንግ የተባለው ዓለም አቀፍ የአማተር ቦክስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው የወንዶች ዝርዝር ውስጥ 55፣ 60 እና 65 እንጂ 57 ኪሎ የለም፤ በፓሪስ ኦሊምፒክ ከ57 ቀጥሎ የነበረው ደግሞ 63.5 ነበር። ራስህን እያደረቅህ የምትጠብቀው ምድብ፣ ከአገር ውጭ ለመወዳደር ብታስብ፣ ላታገኘው ትችላለህ።

ስለዚህ ውጣ። ውድድሩ 60 ኪሎ ካለው በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ እየቀነስህ፣ እየበላህና እየጠጣህ ድረስበት፤ ይህ ካልሆነልህ ወይም ምድቡ ከሌለ በ63.5 ወይም በ65 ተመዝገብ። ጾሙ በራሱ ያከሳኛል ብለህ አትተማመን፤ ዘይት የበዛበት ወጥና እንጀራ ያለ ልክ የሚበላ ጾመኛ ሲወፍር አይተናል። ሽሮውን፣ ምስሩንና ባቄላውን አታጉድል፣ ከባዱን ልምምድ በየቀኑ ከጾም በኋላ ከምትመገብበት ሰዓት ጋር አቀራርበው፣ ውኃም ከዚያ በኋላ በደንብ ጠጣ። የጣና ቆሮሶ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለንስሐ አባትህ ትቼዋለሁ።

ለእናትህ ቦክሱን ሳይሆን ላስቲኩንና ክኒኑን እንደምትተው ንገራት፤ የምትፈራው እርሱን ይመስለኛል። አሠልጣኝህን ደግሞ የስም ዝርዝር ከመላኩ በፊት፣ ሰው በሌለበት አነጋግራቸው። በየጠዋቱ የመዘንከውን በማስታወሻ ጽፈህ አሳያቸው፣ ስለክኒኑም አትደብቃቸው፤ በክለባችሁ ካሉት የ60 እና የ63 ኪሎ ልጆች ጋር ለጥቂት ሳምንታት ሦስት ዙር እንድትለማመድ ለምናቸው። በሦስተኛው ዙር እግርህ ቆሞ ካዩ ሐሳባቸውን ይለውጣሉ ብዬ እገምታለሁ፤ ያን አይተውም ላስቲክ ልበስ ካሉህ ሌላ አሠልጣኝ ፈልግ።