ለ20 ዓመት ስንት ጉድጓድ ይበቃናል?

ጥያቄ፦ የከተማችን ነዋሪ 120,000 ገደማ ነው፤ በዓመት 4.5 በመቶ ይጨምራል። ውኃ የምናዳርሰው በፈረቃ ነው። ለ20 ዓመት ዕቅድ እስከ ዛሬ በቆጣሪ የሸጥነውን መነሻ ብናደርግ ያስኬዳል? ስንት ጉድጓድስ ያስፈልገናል?

መልስ፦ በሽያጩ አይነሡ። ፈረቃ ባለበት ከተማ ቆጣሪው የሚመዘግበው ቧንቧው የሰጠውን እንጂ ሰው የፈለገውን አይደለም።

በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ100,000 እስከ 1 ሚሊዮን ነዋሪ ላለው ከተማ የተቀመጠው መጠን በሰው በቀን 80 ሊትር ነበር፤ በእሱ እናስላ። በ20 ዓመት ነዋሪው 289,000 ይደርሳል፤ ለመኖሪያ ብቻ 23,100 ሜትር ኩብ በቀን ማለት ነው። ለትምህርት ቤት፣ ለሆቴልና ለመሳሰሉት 30 በመቶ ቢጨመር 30,000 ገደማ ይሆናል። ትልቅ ፋብሪካ የሚመጣ ከሆነ ግን ለብቻው ይሰላ፤ አንድ ቢራ ፋብሪካ ይህን ሁሉ ሊያፋልሰው ይችላል።

ስሕተት የሚበዛው ቀጥሎ ነው። ብክነቱ (በመሥመሩ ላይ የሚጠፋው ውኃ) 20 በመቶ ነው ሲባል በ1.2 የሚያባዙ አሉ። ብክነት የሚለካው ከተመረተው ላይ ስለሆነ ለ0.8 ነው የሚካፈለው፦ 37,500። ፍጆታ ለሚበዛበት ቀን በ1.2 ሲባዛ 45,000 ሜትር ኩብ ይመጣል። በሰከንድ 40 ሊትር የሚሰጥ ጉድጓድ በቀን 20 ሰዓት ቢሠራ 2,880 ሜትር ኩብ ያወጣል። ስለዚህ 16 ጉድጓድ፣ ከመጠባበቂያው ጋር 18።

ይህን ሁሉ ዛሬ መቆፈር አያስፈልግም። በዚሁ ስሌት ለአሁኑ ነዋሪ ብክነቱ 40 በመቶ ከሆነ 9 ጉድጓድ፣ ወደ 20 ከወረደ 7 ይበቃል። ብክነቱን ለማወቅ አንድ ሰፈር ለይታችሁ ለተከታታይ ሦስት ቀንና ሌሊት ውኃ ሳታቋርጡ ልቀቁ፤ በመጨረሻው ሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት የመግቢያውን ቆጣሪ አንብቡ፤ ሰው በተኛበት ሰዓት የሚገባው ውኃ በአብዛኛው የሚፈሰው ነው። ቀድሞ መልቀቁ ግድ ነው፤ አለዚያ በየግቢው የሚሞላው ሮቶ የፈሰሰ ውኃ መስሎ ይታያል።

ዋናውን መሥመር ግን ለ20 ዓመቱ መጠን ቅበሩ፤ አስፋልት ሁለት ጊዜ ማፍረስ ከቧንቧው ዋጋ ይብሳል። ፓምፑ ለቅርቡ ፍላጎት ይመረጥ፤ ከልክ በላይ የገዘፈ ፓምፕ ቫልቭ እየታነቀበት መብራት ይጨርሳል። የማጠራቀሚያው አቅም የቀኑ ሲሶ፣ 15,000 ሜትር ኩብ ያህል ይሁን። ባለ 5,000 እያደረጋችሁ በሦስት ዙር ሥሩት፤ የሦስቱንም ቦታ ግን ዛሬውኑ አስከልሉ። ኮረብታው ላይ ቤት ከተሠራ በኋላ ካሣው ከግንባታው ሊበልጥ ይችላል።

ጥያቄ፦ ውኃው የተገኘው ከከተማው ዝቅ ብሎ ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ ውኃው አይደለም፣ የመብራት ሒሳቡ ነው ችግሩ። አንድ ሜትር ኩብ 100 ሜትር ሽቅብ ለመግፋት፣ የፓምፕና ሞተሩ ብቃት 65 በመቶ ቢሆን፣ 0.42 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ለ200 ሜትር እጥፉ ነው። አዲስ አበባም ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች በተጨማሪ በስተደቡብ ዝቅ ካለው ከአቃቂ የምታገኘውን የጉድጓድ ውኃ ሽቅብ ትገፋለች። ከታች የሚመጣውን ለታችኛው ቀጠና ስጡ፤ ከላይ የሚወርድ ምንጭ ካላችሁ እሱን ለላይኛው አቆዩት። ሁለቱን ቀጠና የሚለየው ቫልቭ ተዘግቶ መቆየቱን በየወሩ አረጋግጡ፤ አንድ ቀን ከተከፈተ የላይኛው ሰፈር ውኃ ቁልቁል ሄዶ ያልቃል።