ከድሮ ጂፕ የወጣ መፍቻ እጃችሁ ሲገባ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ልጆቼ።

የድሮ ጂፕና ዋዝ (የሶቪየቱን የጦር መኪና) የሚያድሱ ወጣቶችን ሳይ ደስታዬ ወሰን የለውም። ምናለሽ ተራ ገብታችሁ ከብረት ክምር ውስጥ የድሮ መፍቻ ስታገላብጡም አያችኋለሁ። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። መሣሪያው እንደተገኘ ቀጥታ ወደ ግራይንደር፣ ብረት ወደሚፍቀው ማሽን፣ ነው የሚሄደው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ያብረቀርቃል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይሸጣል። ሰማንያ ዓመት የቆየው ነገር በዚያች ሁለት ደቂቃ አለቀ ማለት ነው።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ጋራዥ ውስጥ ነው። መኪናው ሲታደስ ሞተሩ፣ አካሉ፣ ቀለሙ ይታሰብበታል። አብረውት የመጡትን መዶሻ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴና ክሪክ ግን ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። ለዚህ ነው ዛሬ ስለ እነሱ የምጽፍላችሁ።

የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ጂፕ እንውሰድ። ከ1941 እስከ 1945 (እ.ኤ.አ.) ዊሊስና ፎርድ የሚባሉ የአሜሪካ ፋብሪካዎች በጋራ ከ600 ሺህ በላይ ሠርተዋል። በግራ ጎኑ ቆርቆሮው ላይ ሁለት ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች አሉት። ለማማር የተደረጉ አይደሉም። አካፋውና መጥረቢያው እንዲቀመጡባቸው ነው። ከኋላ፣ በሁለቱም ማዕዘን፣ ክዳን ያላቸው የዕቃ ሳጥኖች አሉ። መኪናው ገና ሲነደፍ ከነመሣሪያው ነው የታሰበው። እኔ በበኩሌ መሣሪያ የሌለውን ጂፕ ታድሶ አልቋል አልልም።

አሁን አንዱን መፍቻ አንሡ። ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ጥረጉትና ብርሃን ከጎን እንዲያርፍበት አዘንብሉት። ከፊት ለፊት ስታዩት ባዶ የመሰለው ብረት ከጎን ሲበራበት ፊደል ያወጣል። ኤፍ የምትለውን ፊደል በተጠማዘዘ አጻጻፍ ካገኛችሁ የፎርድ ነው። ፎርድ ያቺን ፊደል ብሎን ላይ ሳይቀር ይመታት ነበር። ፕሎምብ (PLOMB) የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ደግሞ ዕድሜውንም አገኛችሁ ማለት ነው። ይህ የሎስ አንጀለስ መፍቻ ሠሪ፣ ፕላምብ ከሚባል የመዶሻና የመጥረቢያ ፋብሪካ ጋር በስም ተካሶ፣ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ፕሮቶ ወደሚለው ስም ዞሯል። ስለዚህ በአሮጌው ስም የተመታው መፍቻ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ይህን ሁሉ የሚነግራችሁ ጽሑፍ ጥልቀቱ ከግማሽ ሚሊ ላያልፍ ይችላል። ግራይንደር አንዴ ካለፈበት ማንም አይመልሰውም።

በጦርነቱ ዓመታት ክሮም ለጦር ፋብሪካዎች ስለሚፈለግ ብዙው የእጅ መሣሪያ ክሮም ሳይነካው፣ ጥቁር ወይም ግራጫ ሆኖ ነበር የሚወጣው። አንድ ሰው እንደ መስታወት የሚያበራ መፍቻ ይዞ «የ1943 የጂፕ ዕቃ ነው» ካላችሁ ቆም ብላችሁ ጠይቁት። አንዳንዱ ደግሞ በካድሚየም የተለበጠ ነው። ካድሚየም መርዝ ነው። አትፈግፍጉት፣ በእሳት አታሙቁት፣ አትበይዱበት። የድሮ ወታደራዊ ቀለምም ሊድ የሚባል መርዝ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ ብርጭቆ ወረቀት አታስነኩት። አቧራው ቤት ገብቶ ልጆቻችሁ ጋ ይደርሳል።

ዝገቱስ? ሁልጊዜ ከቀላሉ ጀምሩ። ነጭ ጋዝ፣ የናስ ብሩሽና ትዕግሥት አብዛኛውን ሥራ ይጨርሳሉ። አልላቀቅ ያለ ፒንሳ ካለ ዘይት ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ለቀናት ተዉት። በመዶሻ አትምቱት። ከዚያ በኋላ ዝገት ከቀረ አቼቶ ይሠራል፣ ግን እየተመላለሳችሁ እዩት። ለቀናት ከረሳችሁት ዝገቱን ጨርሶ ብረቱን መብላት ይጀምራል፤ ያን ስስ ጽሑፍም ይወስደዋል። ልባጥ ያለው መሣሪያና ስፕሪንግ አቼቶ ውስጥ ባይገቡ ይሻላል። ሲወጣ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ እጠቡት፣ ወዲያው አድርቁት፣ ዘይት አስነኩት። እርጥቡን ሻይ ልጠጣ ብላችሁ ብትሄዱ ስትመለሱ እንደገና ዝጎ ታገኙታላችሁ።

በባትሪ ቻርጀር ዝገት ማንሳት የምትወዱም አላችሁ። ጥሩ ዘዴ ነው። መሣሪያው በኔጌቲቩ፣ የሚጣል ተራ ብረት በፖዘቲቩ፣ በመካከል የልብስ ሶዳ የሟሟበት ውኃ። ነገር ግን ሃይድሮጅን ስለሚወጣ ደጅ ላይ ብቻ አድርጉት፣ እሳትና ሲጋራ አይጠጋው። በፖዘቲቩ በኩል የማይዝግ ብረት፣ ስቴንለስ የምንለውን፣ በፍጹም አታስገቡ። የሚያወጣው የክሮም ዓይነት ለጤና አደገኛ ነው።

የት ላይ ማቆም? ቀዩ፣ እጅ ላይ የሚቀረው ዝገት ይነሣ። ከብረቱ ጋር ተጣብቆ የቀረው ጥቁር ቡናማ ቆዳ ግን ይቆይ። ከሥሩ የአረንጓዴ ቀለም ቁራጭ ካገኛችሁ ደግሞ ወርቅ አገኛችሁ። በአዲስ ቀለም አትሸፍኑት።

እኛ አገር ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1953 ከአሜሪካ ጋር ስምምነት ተፈረመና የአሜሪካ ወታደራዊ እርዳታ መጣ። በደርግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1977 በኋላ፣ ፊቱ ወደ ሶቪየት ዞረ። የአሜሪካው መሣሪያ በኢንች፣ የሶቪየቱ በሚሊ ነው። ሁለቱ በአንድ ሳጥን ተደባልቀው ነው ዛሬ የምናገኛቸው። የግማሽ ኢንች ብሎን ጭንቅላት 12.7 ሚሊ ነው። የ13 ሚሊ መፍቻ ገባ ገባ ይላል፣ ጠበቅ ስታደርጉት ግን ጠርዙን በልቶ ክብ ያደርገዋል። ለጂፑ የኢንቹን፣ ለዋዙ የሚሊውን ለዩ። ይህ ለሙዚየም ሰው ብቻ የተተወ ጣጣ አይደለም፤ ብሎናችሁን የሚያድን ነገር ነው።

ስለ እጀታ ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ። የአሜሪካ መጥረቢያ እጀታ ሂከሪ ከሚባል እንጨት ነው። እዚህ ግን ሲሰበር በወይራ ነው የሚተካው። «ኦሪጂናል አይደለም» ብሎ ወይራውን ነቅሎ የሚጥል ወጣት አለ። እኔ አልስማማም። ያንን ወይራ የጠረበው እዚህ ያለ ሰው ነው፣ መጥረቢያው አገራችን ውስጥ ሠርቶ እንደኖረ የሚመሰክረውም እሱ ነው። ካልተሰነጠቀ ይቆይ። የተልባ ዘይት በስሱ ቀቡት፣ ቫርኒሽ ይቅርበት። የቀባችሁበትን ጨርቅ ግን ጨብጣችሁ ጥግ አትወርውሩት። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ሲከመር በራሱ ሞቆ ይነድዳል። ደጅ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት።

ስታስቀምጡ ከሸራ ቦርሳው ለይታችሁ አስቀምጡ። ሸራ በክረምት እርጥበት ይይዛል፣ ብረቱም እዚያው ውስጥ ይዝጋል።

አደራ የምላችሁ፣ መሣሪያ ፍለጋ ብላችሁ ሜዳ ላይ ወደቀረ የጦር መኪና እንዳትገቡ። ያልፈነዳ ነገር ሊኖር ይችላል። የመንግሥት ንብረት የሚመስል ዕቃም ያለ ሕጋዊ ወረቀት አትግዙ።

ከማጽዳታችሁ በፊት ፎቶ አንሡ። የት እንደተገኘ፣ ከማን እንደተገዛ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በክር እሰሩበት። ስማችሁን ብረቱ ላይ አትቅረጹ። ከዚያ የቀድሞ ሠራዊት መካኒክ ፈልጉ። በየሰፈሩ ጡረታ የወጡ አባቶች አሉ። መፍቻውን እጃቸው ላይ አስቀምጡላቸውና ለምን ሥራ እንደነበረ፣ የትኛው ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ እንደነበር ጠይቋቸው። አትቸኩሉ፣ አታቋርጧቸው። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ድምፃቸውን ቅዱ፤ የተናገሩትንም እዚያችው ከመፍቻው ጋር የታሰረችው ወረቀት ላይ ጨምሩበት።